ቶንሲል ያልሆነ ቶንሲል፦ የጉሮሮና የአንገት ካንሰርን በጤና ጣቢያ እንዴት እንጠርጥር?

የኦፒዲ_ሰው
ሰላም ለሁላችሁ። ጤና መኮንን ነኝ። የምሠራው ከወረዳ ከተማ ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ዛሬ የገጠመኝን ልንገራችሁና ሐሳብ ስጡኝ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ያሉ ገበሬ ናቸው። ድምፃቸው ከጎረነነ ሁለት ወር አልፎታል። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ብለው ዝንጅብልና ጤና አዳም ሲጠጡ ቆዩ። ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ አሞክሳሲሊን ሰጣቸው። ሌላው ደግሞ ኦግመንቲን ከዴክሳ (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ) መርፌ ጋር። በዴክሳው ሻል አላቸውና ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ያው ሆነ። እኔ ጋ የመጡት ግን ለጉሮሯቸው አይደለም፤ «ቀኝ ጆሮዬን ይወጋኛል» ብለው ነው። ጆሯቸውን አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ምራቅ ሲውጡ ፊታቸውን ቋጠር ያደርጋሉ። አንገታቸውን ስዳስስ በዚያው በቀኝ በኩል፣ ከመንጋጋ በታች፣ ጠንካራና ብዙም የማይንቀሳቀስ እብጠት አለ። ስነካው አያማቸውም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያጨሳሉ። አረቄም አይጠሉም።

ባልደረባዬ «የንፍፊት ቲቢ ነው፣ መድኃኒት ይጀምሩ» ይላል። እኔን ደስ አላለኝም። ሪፈር ልጻፍልዎ ስላቸው ደግሞ «በሬ ሽጬ ሄጄ ‹ቶንሲል ነው› ቢሉኝስ?» አሉኝ። ምን ትላላችሁ?

ዶክተር_ማንቁርት (የአንገት በላይ ሐኪም)
ወንድሜ፣ ደስ አለማለትህ ልክ ነው። ይላኩ። ሌላ አንቲባዮቲክ አይጨመር።

ጆሮው ንጹሕ ሆኖ ጆሮ የሚወጋ ትልቅ ሰው ሲመጣ ወደ ጉሮሮ ተመልከት። ዘጠነኛውና አሥረኛው የራስ ነርቭ ከምላስ ሥር፣ ከቶንሲልና ከማንቁርት አካባቢ ስሜት ይወስዳሉ። ቅርንጫፋቸው ጆሮም ይደርሳል። ስለዚህ የታመመው ጉሮሮ ሆኖ ሕመሙ የሚሰማው ጆሮ ላይ ይሆናል። የአንተ ታካሚ ደግሞ ይሄ ብቻ አይደለም ያላቸው። የጎረነነ ድምፅ አለ፣ ሲውጡ ሕመም አለ፣ በዚያው ጎን ጠንካራ እብጠት አለ፣ ሲጋራና አረቄ አለ። ቲቢ ሊሆን አይችልም አልልም። ግን ማንቁርታቸው ሳይታይ ቲቢ ነው ብሎ ስድስት ወር መድኃኒት ማስጀመር አይሆንም።

ሕጌ ቀላል ነው። ሦስት ሳምንት የቆየና በአንድ ጎን ያለ ነገር ሁሉ ያሠጋኛል። ድምፅ ሦስት ሳምንት ጎርንኖ ካልተመለሰ ማንቁርት ይታይ። የአፍ ቁስል ሦስት ሳምንት ካልዳነ ናሙና ይወሰድ። አንዱ ቶንሲል ከሌላው ገዝፎ ከቀረ፣ በተለይ ሰውየው ትኩሳት ከሌለው፣ «ቶንሲል» ብለህ አትለፈው። ያንኑ ያህል የሚረሳው አፍንጫ ነው። በአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚዘጋና ደም የቀላቀለ ንፍጥ የሚያወጣ ሰው አለርጂ አይደለም። ትልቅ ሰው በአንድ ጆሮው ብቻ ከታምቡሩ ጀርባ ውኃ ከቋጠረ ደግሞ ከአፍንጫ ጓሮ ዕጢ መኖሩ መታየት አለበት። የአፍንጫ ጓሮ ካንሰር ዕድሜ አይመርጥም። ወጣቶችም ላይ አይተናል፣ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሲተነፍሱ ድምፅ አለው? በተለይ አየር ሲያስገቡ?

የኦፒዲ_ሰው
አመሰግናለሁ ዶክተር። ትንፋሻቸው ደህና ነው። ደረጃ ሲወጡ ትንሽ ይደክማቸዋል ግን አያፏጭም።

ዶክተር_ማንቁርት
ጥሩ። ማፏጨት ቢኖር ጉዳዩ የቀጠሮ ሳይሆን የዛሬ ይሆን ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው በሕዝብ ማመላለሻ አይሄድም። በአምቡላንስ፣ ቁጭ ብሎ፣ ኦክስጅን ይዞ፣ ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ ነው የሚሄደው። ተኛ ብለህ እንዳታስጨንቀው። ጉሮሮውን ለማየት እንጨት አስገብተህ አታስቆጣው። ተቀባዩ ሆስፒታል አንገት ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ መክፈት የሚችል መሆኑን ደውለህ አረጋግጥ።

ስለ ዴክሳውም አንድ ነገር ልበል። «ጉሮሮዬን» ላለ ሁሉ ዴክሳ መውጋት ልማድ ሆኗል። በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ይቀንሳል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ ወር ይባክናል። ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እብጠቱን አሟሙቶ ናሙናውን ያበላሽብናል።

ሲስተር_ቲቢ
ዶክተር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። እኔ የቲቢ ክፍል ነርስ ነኝ። በእኛ አገር አንገት ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛው ቲቢ ነው። ከሳንባ ውጭ ከምናክመው ቲቢም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የንፍፊቱ ነው። አንገቱ ያበጠውን ሁሉ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ብንልክ ሰልፉ የት ይደርሳል? ሰዉስ መቼ ሊመለስ ነው? ተልከው በመንገድ ወጪ ሰልችቷቸው ቤታቸው የቀሩ ስንት ናቸው! ቲቢውም ሳይታከም ይቀራል።

ዶክተር_ማንቁርት
ሲስተር፣ የሚሉት እውነት ነው። ሁሉም ይላክ አላልኩም። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ ብዙ ለስላሳና የተያያዙ ንፍፊቶች ያሉት፣ ቤታቸው የሚያስል ሰው ያለ ከሆነ እኔም መጀመሪያ የማስበው ቲቢ ነው። የሃምሳ ዓመት አጫሽ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ አንድ ጠንካራ እብጠት ያለው ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ መዝገብ አናስገባቸው።

ለሁለቱም ግን የሚሠራ ነገር አለ፦ በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ። ከዚያው ናሙና ግማሹ ለማይክሮስኮፕ፣ ግማሹ ጂንኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ይሁን። ቲቢም ካንሰርም በአንድ መወጋት ይፈለጋሉ። ውጤቱ «ምንም የለም» ካለና እብጠቱ ካልጠፋ አላበቃም፤ ይደገማል። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይሠራ።

አደራ የምለው፣ እብጠቱን ቀዶ ማውጣት የመጀመሪያ ሥራ አይሁን። «ትንሽ ነው፣ እናውጣው» ይባልና ይቆረጣል። በኋላ የጉሮሮ ካንሰር ሆኖ ሲገኝ የአንገቱ ቀዶ ሕክምና ተበላሽቶ ይጠብቀናል። መጀመሪያ ምንጩ ይፈለግ፣ መርፌው ይቅደም።

ሲስተር_ቲቢ
በመርፌው እስማማለሁ። አንድ ልጨምር። የንፍፊት ቲቢ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም ለጊዜው ሊያብጥ ይችላል፣ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። ስለዚህ «አብጧል፣ ካንሰር ነው» ማለትም ያሳስታል። ናሙናው ከመድኃኒቱ በፊት ከተወሰደ ግን ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ አይኖርም። እኛ ጋ ችግሩ መርፌውን የሚወጋና የሚያነብ ያለው አጠቃላይ ሆስፒታል ብቻ መሆኑ ነው።

ጨብሲ_ይቅርብኝ
ሐኪም አይደለሁም፣ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። ጫት ያመጣል የሚባለው እውነት ነው? አንድ ጉንጬ ውስጡ ነጭ ሆኗል። በምይዝበት በኩል።

የጥርስ_ወንበር
እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ፣ ይሄን ለእኔ ተዉልኝ።

ወንድሜ፣ ጫት በሚያዝበት ጉንጭ ላይ ነጭ መሆን የተለመደ ነው። ጫት ብቻውን ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለው እስካሁን ተመራማሪዎችን ያከራክራል። የማያከራክረው ሲጋራና አልኮል ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳታቸው ድምር ብቻ አይደለም፣ ይባዛል። እስቲ የጫት ቀንህን አስበው። ጫት አለ፣ አብሮት ሲጋራ አለ፣ ማታ ላይ ስምህ እንደሚለው ጨብሲ አለ። ሱረትም ትምባሆ ነው፣ ሺሻም እንደዚያው። እና መልሴ፣ ጉንጭህን የሚያይ ሰው ጋ ሂድ። ነጩ በጣት ሲታሸ የሚለቅ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የማይለቅ ከሆነ መታየት አለበት። መሐሉ ቀይ ካለበት ደግሞ ዛሬ ነገ አትበል፤ ከነጩ ይልቅ የምንፈራው ቀዩን ነው።

ለጤና ባለሙያዎቹ ደግሞ ስለ አፍ ምርመራ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «አፍህን ክፈት፣ አአ በል» ብሎ ነው የሚያልፈው። የምላስ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ምላስ ጀርባ ላይ አይወጣም። ጎኑ ላይ ነው፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ። ጓንት አድርግ። አርቴፊሻል ጥርስ ካለ ይውለቅ። የምላሱን ጫፍ በጋዝ (በቁስል ጨርቅ) ያዝና ወደ ግራ ሳበው፣ ቀኝ ጎኑን እይ። ከዚያ ወደ ቀኝ። ምላስ ወደ ላይ ይነሣና ሥሩ ይታይ። ካየህ በኋላ ዳስስ። አንድ ጣት አፍ ውስጥ፣ ሌላው እጅ ከአገጭ በታች። ለዓይን ትንሽ የሚመስል ቁስል ሥሩ ደንድኖ ስታገኘው ያኔ ይገባሃል። ለመጨረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብርሃን ከሌለህ የስልክህ ባትሪ ይበቃል።

የአፍ ቁስል ሲባል ደግሞ እኛ ጋ «ምች ነው» ይባላል፣ ዳማከሴ ይታሻል። ምች የሚባለው በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይድናል። ከዚያ ካለፈ ሌላ ነው። ጥርስም እንዲሁ። ድዱ ጤነኛ ሆኖ አንድ ጥርስ ብቻ ያለ ምክንያት ቢነቃነቅ፣ ወይም የተነቀለበት ቦታ ሳምንታት አልፎ ሥጋ እያወጣ አልዘጋ ቢል፣ ሁለተኛውን ጥርስ አትንቀሉ። ላኩት።

ጨብሲ_ይቅርብኝ
እሺ ዶክተር፣ ሰኞ እሄዳለሁ። ስሜ ምኞት ነው እንጂ ገና አላቆምኩም ሃሃ።

የአባዬ_ልጅ
እኔም ባለሙያ አይደለሁም። አባቴ የማንቁርት ካንሰር ነበረበት፣ ስለዚህ ከታካሚ ቤት ያለውን ልንገራችሁ።

እናንተ «ሪፈር» ስትሉ ወረቀት ነው የሚታያችሁ። ለእኛ ቤት ወረቀቱ ማለት ማን አብሮት ይሄዳል፣ የት ያድራል፣ ከብቱን ማን ይይዛል ነው። አባዬ ብቻውን ቢላክ ኖሮ ከመናኸሪያው ይመለስ ነበር። የጤና ጣቢያው ልጅ ግን በር ዘግቶ አስቀመጠንና «ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ከሆነ ደግሞ ድምፅ ላይ ያለው ቶሎ ከተገኘ ከሚድኑት ነው» አለን። አልደበቀንም። ወንድሜ የዚያኑ ሳምንት ይዞት ሄደ። ከዚያ በፊት የሰፈር ሰው «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥለት» እያለን ነበር። አንገቱን ይተኮስ ያለም አልጠፋም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጸበል አትከልክሉ። «ከጸበልና ከሕክምና ምረጥ» ያሉት ሰው ጸበሉን ይመርጣል። አባዬ ጸበሉንም ጨረሩንም ወሰደ።

ዶክተር_ማንቁርት
እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ያ ባለሙያ የተናገረው ትክክል ነው። የድምፅ አውታር ላይ ያለ ካንሰር ገና በትንሽነቱ ድምፅ ስለሚቀይር ቶሎ ይታወቃል። በዚያ ደረጃ በጨረር ብቻ ወይም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ከአሥሩ ስምንቱ፣ ከዚያም በላይ፣ ይድናሉ። አንገት ላይ ከወረደ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምናው፣ ጨረሩና ሲስፕላቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት አንድ ላይ ይመጣሉ፣ የመዳን ዕድሉም ይቀንሳል። የበሬው ሒሳብ እዚህ ላይ ነው የሚሠራው። ዛሬ አንድ በሬ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ሁለቱም።

የለንደን_ነርስ
ከእንግሊዝ ነኝ፣ የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክ ነው የምሠራው። እዚህ የተጻፈ መመሪያ አለ። ዕድሜው 45ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ የቆየ መጎርነን ወይም የአንገት እብጠት ካለው በአስቸኳይ የካንሰር መስመር ይላካል። ምክንያቱ ያልታወቀ የአፍ ቁስል ከሦስት ሳምንት ካለፈም እንዲሁ። ሦስት ሳምንት ያሉት ዶክተር ከአየር ላይ አላመጡትም ለማለት ነው። ዕድሜውን ግን እንዳለ ወደ አገር ቤት ባትወስዱት እመርጣለሁ። እዚህም ቢሆን በኤችፒቪ ቫይረስ የሚመጣው የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰር በዕድሜ አነስ ያሉ፣ አጭሰው የማያውቁ ሰዎች ላይ እየታየ ነው። አንዳንዱ ምልክቱ አንገት ላይ ውኃ የቋጠረ የሚመስል ለስላሳ እብጠት ብቻ ነው።

የኦፒዲ_ሰው
ኤችፒቪ ማለት ልጃገረዶቹ ትምህርት ቤት የሚከተቡለት አይደል? እሱ የማኅፀን በር አይደለም እንዴ?

የለንደን_ነርስ
ያው ቫይረስ ነው። ዓይነት 16 የሚባለው ጉሮሮም ላይ ይሠራል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም ክትባቱን ስትጀምር ለማኅፀን በር ብላ ነው፤ ጉሮሮንም ይጠቅማል ተብሎ ይታሰባል።

የኦፒዲ_ሰው
ሰውየውን አሳምኜ ልኬያቸዋለሁ፣ ከልጃቸው ጋር። የአባዬ ልጅ የጻፈችውን አነበብኩና ልጃቸውን አስጠርቼ ነው የነገርኳቸው። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አላቸው፣ ስለዚህ ደረጃውን ጠብቄ በአጠቃላይ ሆስፒታሉ በኩል ነው የጻፍኩት፤ ዘልለው ቢሄዱ መድኅኑ ሙሉውን አይከፍልላቸውም። ወረቀቱ ላይ «የጉሮሮ ሕመም» ብዬ አልጻፍኩም። ድምፅ ሁለት ወር፣ የቀኝ ጆሮ ውጋት ጆሮው ንጹሕ ሆኖ፣ ቀኝ አንገት ላይ ጠንካራ እብጠት በሴንቲ ሜትር ለክቼ፣ አጫሽ፣ ሁለት ዙር አንቲባዮቲክና ዴክሳ ወስደዋል፣ የማንቁርት ካንሰር ተጠርጥሯል፣ ማንቁርት ይታይልኝ፣ ናሙና በመርፌ ይወሰድልኝ ብዬ ነው። የልጃቸውን ስልክም ጻፍኩ።

ዶክተር_ማንቁርት
እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው እኔ ጋ ሲመጣ የሚጠብቅበት ወንበር አይኖረውም፣ ቀጥታ ይገባል። «ዩአርቲአይ (የላይኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን)፣ ለተሻለ ሕክምና» የሚል ብቻ የያዘው ግን ሰልፍ ላይ ይቀራል። ማን ምን እንዳለው በምን ልወቅ?

የጨረር_ክፍል_ነርስ
ውይይቱ መላክ ላይ ብቻ እንዳይቆም። ጨረር ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን ጅማና ሐረርም ተጨምሯል። ወረፋው ግን አሁንም ከባድ ነው። ጨርሰው ሲመለሱ የሚያገኟቸው እናንተ ናችሁ።

ከጨረሩ በፊት ጥርሳቸው ይታይ። መነቀል ያለበት ጥርስ ከጨረሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይነቀል፣ ቁስሉ እንዲድን። ከጨረር በኋላ መንጋጋው እንደ ድሮው አይድንም። ከዓመታት በኋላ እንኳን ጥርስ ተነቅሎ አጥንቱ ሊበሰብስ ይችላል። ስለዚህ «ጥርሴን» ብሎ የመጣን ሰው አንገትህ ላይ ጨረር ወስደሃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካለ ሳታማክሩ አትንቀሉ።

ምራቃቸው ይደርቃል፣ አፋቸው ይላጣል። በጨውና በቤኪንግ ሶዳ ቀጭን አድርገው ይጉመጥመጡ። ሽቱና አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ይተዉ። ነጭ ነጭ ከታየ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ይታይና ይታከም። ምግብ ላይ ብዙ ጊዜ የምንሸነፈው በበርበሬና በጾም ነው። በርበሬው ያቃጥላቸዋል፣ ስለዚህ መብላት ይተዋሉ። ጾም ሲሆን ወተትና እንቁላል እንቢ ይላሉ። እኛ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ እንነግራቸዋለን። አብዛኞቹ አባቶች ይፈቅዳሉ፣ ሰውየው ግን ከእኛ አፍ አይቀበልም። አጥሚት፣ ቀጠን ያለ አልጫ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ የተበጠበጠበት ወተት እንላለን። ኪሎ በየሳምንቱ ይመዘን። መዋጥ ካቃታቸው በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ ጊዜያዊ መሆኑን አስረዷቸው፣ ብዙዎች የሞት ምልክት አድርገው ነው የሚያዩት።

ከዚህ ሌላ አንገት ላይ ጨረር የወሰደ ሰው የእንቅርት ዕጢው ቀስ በቀስ ሊደክም ይችላል። በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ቲኤስኤች (የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይሠራለት። ድካም፣ ብርድ መጥላት፣ የሆድ ድርቀት ሲል «ካንሰሩ ነው» ተብሎ የሚቀር አለ፣ በክኒን የሚስተካከል ሆኖ ሳለ። ካንሰሩ ከተመለሰ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ የመጣ አዲስ ሕመም፣ አዲስ እብጠት፣ አዲስ ጆሮ ውጋት እንደገና ይታይ። ሲጋራው ካልቆመ ደግሞ ጨረሩም በደንብ አይሠራም።

ሲስተር_ቲቢ
ሕመም ላይስ? እኛ ጋ ከትራማዶል በላይ የለም።

የጨረር_ክፍል_ነርስ
የሚዋጥ ሞርፊን ያለበትን የቅርብ ሆስፒታል እወቁ፣ እዚያ ይጻፍላቸው። ሲጻፍ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይጻፍ። «ሱስ ይሆናል» የሚለውን ፍርሃት ቤተሰቡ ላይ ቶሎ አፍርሱት። በካንሰር ሕመም የሚሰቃይ ሰው ሊነፈገው አይገባም።

የኦፒዲ_ሰው
የመጨረሻ ጥያቄ። ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶለት በአንገቱ የሚተነፍስ ሰው ራሱን ስቶ ቢመጣብኝ ኦክስጅኑን የት ነው የማደርገው?

ዶክተር_ማንቁርት
አንገቱ ላይ። አፍና አፍንጫው ከሳንባው ጋር አይገናኙም፣ እዚያ ብታደርግለት ምንም አይደርሰውም። ቀዳዳውን የደፈነ ደረቅ አክታ ካለ ጥቂት ሴላይን ጠብ አድርገህ ሳብ። ማስክ ካነሰህ የሕፃን ማስክ ቀዳዳው ላይ በደንብ ይገጥማል፣ በአምቡም (በእጅ በሚጨመቀው የመተንፈሻ ከረጢት) ትነፋለታለህ። የቀዶ ሕክምና ወረቀቱን ግን አንብብ። ማንቁርቱ ሳይወጣ ቀዳዳ ብቻ የተከፈተለት ሰው አፉም ሊሠራ ስለሚችል ለእሱ በሁለቱም በኩል ስጥ። ወረቀቱ ከሌለና ካላወቅህም በሁለቱም ስጥ።

የኦፒዲ_ሰው
ተቀብያለሁ ዶክተር። ይሄን ድንገተኛ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ። የሰውየው ናሙና ውጤት ሲመጣ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።